ሐዋሳ ላይ ሆኖ ከሩቅ ተመራማሪዎች ጋር በጋራ ማጥናት፦ የኢንተርኔት መሣሪያዎች አመራረጥና አጠቃቀም መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሐዋሳ ሆነው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ካሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት ለሚያካሂዱ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ላልሆኑ ተመራማሪዎችና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። አካሄዱ እንዲጨበጥ አንድ የምሳሌ ቡድን እንያዝ። የመጀመሪያዋ ተመራማሪ ከሐዋሳ ሐይቅ የውኃና የዓሣ ናሙና ትሰበስባለች፤ ሁለተኛው ባሕር ዳር ሆኖ የስታቲስቲክስ ትንተናውን ይሠራል፤ ሦስተኛዋ ኔዘርላንድስ ባለ ላቦራቶሪ የናሙናውን ኬሚካላዊ ይዘት ትመረምራለች። ሦስቱ በአካል ቢገናኙ በዓመት አንዴ ነው፤ የቀረው ሥራ ሁሉ የሚያልፈው በኢንተርኔት ነው።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆኑ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም በነፃ ይገኛሉ። ብዙ ቡድን የሚቸገረው አንዱ ፋይል በኢሜይል፣ ሌላው በቴሌግራም፣ ሌላው በፍላሽ ተበታትኖ የመጨረሻው ቅጂ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ምርጫዎች በሁለት መለኪያዎች ይመራሉ፦ እያንዳንዱ ነገር አንድ የታወቀ ማስቀመጫ ይኑረው፤ መሣሪያው ደግሞ መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራውን የማያስቆም ይሁን።

ደረጃ 1፦ አስቀድሞ መስማማት

ማንኛውንም አካውንት ከመክፈትዎ በፊት ከሁለት ገጽ ያልበለጠ የስምምነት ሰነድ ያዘጋጁ። በሰነዱ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ጥሬው ዳታ የማን እንደሆነና ማን ሊያየው እንደሚችል፣ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ የእነማን ስም በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰፍር፣ አንድ አባል በመሀል ቢወጣ እስከዚያ የሠራው ሥራ ምን እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። የሥራ ክፍፍሉን ለመግለጽ «ክሬዲት» የተባለው ዓለም አቀፍ የድርሻዎች ዝርዝር ይረዳል፤ ሐሳብ ከማፍለቅና ዳታ ከመሰብሰብ ጀምሮ ሶፍትዌር እስከ መሥራትና ረቂቅ እስከ መጻፍ ድረስ 14 ዓይነት ድርሻዎችን ለይቶ ያስቀምጣል። በተለይ ናሙናው እዚህ ተሰብስቦ ትንተናው ውጭ አገር በሚሠራበት ጊዜ፣ በጀልባ ላይ ሲደክም የከረመው ሰው በምስጋና ክፍል ብቻ ተጠቅሶ እንዳይቀር፣ ይህ ክፍፍል ውጤቱ ከመታወቁ በፊት መጻፍ ይኖርበታል። ውጤት ከተገኘ በኋላ የሚነሣ የስም ቅደም ተከተል ክርክር ለመፍታት በጣም ያስቸግራል።

የደራሲነትን ጉዳይ አስቀድሞ መወሰን ምን ያህል እንደሚጠቅም የሒሳብ ሊቃውንት አሳይተዋል። በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጢሞቲ ጎወርስ የተባሉት እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አንድ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገው «ፖሊማዝ» የተሰኘውን የጋራ ሥራ አስጀመሩ፤ ብዙ ሰው በየአገሩ ሆኖ አስተያየቱን በአንድ ቦታ እየጻፈ ማረጋገጫው ተገኘ፤ ጽሑፉም የታተመው በቡድኑ የጋራ የብዕር ስም ነው። ለሦስት ሰው ቡድን የጋራ የብዕር ስም አያስፈልግም፤ አስቀድሞ መስማማቱና ውይይቱን ሁሉ በአንድ ቦታ በጽሑፍ ማኖሩ ግን ለማንም ይሠራል።

በዚሁ ሰነድ ላይ ሁለት ሕጎች ታሳቢ ይሁኑ። ጥናቱ ሰዎችን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ የዓሣ አስጋሪዎችን ስም፣ ስልክና ገቢ የሚመዘግብ ከሆነ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከተዋል። የዕፅዋት፣ የእንስሳት ወይም የደቂቅ ዘአካላት የጄኔቲክ ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ ስለዚህ ናሙናውን ከማሸግዎ በፊት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ይጠይቁ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድም ዳታው በየትኛው አገር፣ በማን ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀመጥ የሚገልጽ ሊሆን ይገባዋል። ይህን በፕሮፖዛሉ ላይ ሳይጽፉ ቆይተው ኋላ ላይ ማስተካከል ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ስምን ማስተካከል

እያንዳንዱ አባል የኦርኪድ ቁጥር ያውጣ። ኦርኪድ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ የጀመረ፣ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ 16 አኃዝ መለያ በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት ነው፤ ምዝገባው ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል። ለእኛ ጥቅሙ ከሌላው ይበልጣል፤ የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባት ስም አንድ ጊዜ እንደ ቤተሰብ ስም፣ ሌላ ጊዜ እንደ መካከለኛ ስም እየተወሰደ፣ በላቲን ፊደልም በተለያየ አጻጻፍ እየተመዘገበ የአንድ ሰው ሥራ የሦስት ሰው መስሎ ይበታተናል። በኦርኪድ ገጽዎ ላይ «በሌላም ስም የሚታወቁ» በሚለው ቦታ እስካሁን የታተሙባቸውን አጻጻፎች ሁሉ ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ለሚታተመው ግን አንዱን ብቻ መርጠው እርሱን ይያዙ።

ደረጃ 3፦ ለጥናቱ አንድ ማስቀመጫ መክፈት

የጥናቱ ማስቀመጫ ሁሉም አባላት በየራሳቸው የይለፍ ቃል የሚገቡበት፣ ማን ምን እንደቀየረ የሚመዘግብ መሆን አለበት። ሌላ የተሻለ ነገር ከሌለ እኔ የምመርጠው ኦፕን ሳይንስ ፍሬምወርክ የሚባለውን ነው፤ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሚያስተዳድረው ሲሆን ለዝግ ፕሮጀክት እስከ 5 ጊጋባይት፣ ለክፍት ፕሮጀክት እስከ 50 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ከተራ የፋይል ማስቀመጫ የሚለየው የጥናቱን ዕቅድ ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት በቀን ማኅተም ማስመዝገብ ስለሚያስችል ነው። የተመዘገበው ዕቅድ በኋላ ተነሥቶ አይቀየርም። ውጤቱ ከታየ በኋላ «መጀመሪያም የፈለግነው ይህን ነበር» የሚል ጥርጣሬ ሲነሣ መልስ የሚሆነው ይኸው መዝገብ ነው። ዩኒቨርሲቲዎ በራሱ ሰርቨር ላይ ኔክስትክላውድ የተባለውን የፋይል ማስቀመጫ ሶፍትዌር የጫነ ከሆነና የግል ዳታ የሚይዙ ከሆነ ግን ያንን ያስቀድሙ፤ ዳታው ከግቢው አይወጣም። ጎግል ድራይቭም ይሠራል፤ ነገር ግን ፎልደሩን በአንድ ተማሪ የግል አካውንት ስር አይክፈቱ።

ማስቀመጫው እንደተከፈተ አራት ፎልደሮች ይበቃሉ፦ ጥሬ ዳታ፣ የተስተካከለ ዳታ፣ ትንተና፣ ጽሑፍ። ጥሬው ዳታ አንዴ ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም፤ ስሕተት ቢገኝበት እንኳ እርማቱ በተስተካከለው ቅጂ ላይ ተሠርቶ ምክንያቱ በማስታወሻ ይመዘገባል። የፋይል ስም በቀን ይጀምር፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ የፋይል ስሞችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን።

ደረጃ 4፦ ዳታ ከመስክ መሰብሰብ

ከሁሉም ደረጃዎች ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ በመስክ ላይ የገባ ስሕተት በሩቅ ላለው ባልደረባ አይታየውም።

በወረቀት መዝግቦ ማታ ወደ ኤክሴል ከመገልበጥ ይልቅ በስልክ መመዝገብ ይመረጣል። ኮቦቱልቦክስ ለዚህ የታወቀ መሣሪያ ነው። ቅጹን በኮምፒውተር ያዘጋጃሉ፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ መተግበሪያውን ጭነው ቅጹን ያወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ሳይኖር ሐይቁ መሀል ላይ ሆነው ይሞላሉ፤ ወደ ከተማ ተመልሰው ዋይፋይ ሲያገኙ የተሞላው ሁሉ ይላካል። ጥያቄዎቹን በአማርኛም በሲዳምኛም ማስቀመጥ ይቻላል፤ መረጃ ሰብሳቢው የሚያነበው በሚገባው ቋንቋ ሲሆን ከበስተጀርባ የሚቀመጠው መልስ ግን አንድ ዓይነት ኮድ ይሆናል።

ቅጹን ሲያዘጋጁ ትልቁ አደጋ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር ነው። አንድ መዝገብ ላይ «05/03/2017» ተጽፏል እንበል። ለእኛ ኅዳር 5 ቀን 2017 ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 2024 ይሆናል። ኔዘርላንድስ ያለችው ባልደረባ ግን ማርች 5 ቀን 2017 ብላ ታነበዋለች፤ አሜሪካዊ ቢያየው ደግሞ ሜይ 3 ይለዋል። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት በላይ ነው። ቀኑን በቋሚ ቁጥር እየደመሩ መለወጥም አያዋጣም፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ 12 ላይ ይውላል። ደግነቱ የኮቦ የስልክ መተግበሪያ ለቀን ጥያቄ የኢትዮጵያን ካሌንደር የማሳየት ምርጫ አለው፤ ሰብሳቢው ኅዳር 5 ብሎ ሲመርጥ የሚቀመጠው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ቅጹ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰዓቱ በራሱ እንዲመዘገብ ማድረግም ይቻላል፤ ይህን ምርጫ ሁልጊዜ ያብሩት።

የሰዓቱ ነገር ከቀኑም ይብሳል። በውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ሌሊቱን እየቀነሰ አድሮ ንጋት ላይ ዝቅ ይላል፤ ፀሐይ ስትወጣ አልጌው ምግቡን መሥራት ሲጀምር እየጨመረ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ የተለካ ከፍተኛ ኦክስጅን በወረቀቱ ላይ «8:30» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንባቢዋ የጠዋት ልኬት አድርጋ ትወስደዋለች፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተለካው ዝቅተኛ ኦክስጅን ደግሞ «12:00» ተብሎ የእኩለ ቀን ይሆናል። ሠንጠረዡ ውስጥ የጎደለ ወይም የተበላሸ ቁጥር የለም፤ ሐይቁ ግን በግራፉ ላይ ተገልብጦ ይታያል። ስለዚህ ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይጻፍ፤ ከጎኑም የኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠና ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንደሚቀድም ይመዝገብ።

የሥፍራ መረጃም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የስልኩ ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የሚሰጠውም ዛሬ ዓለም በሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ሥርዓት ነው። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች ግን የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ሌላ የሥፍራ መለኪያ መነሻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ሳይለዩ መደባለቅ ነጥቡን ከ100 ሜትር በላይ ያንሸራትተዋል፤ ይህም ዳር ላይ የተወሰደን ናሙና የብስ ላይ ለማውጣት ይበቃል። ሐዋሳ በግምት በ7 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና በ38 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች፤ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ከተለዋወጡ ናሙናዎ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ፣ ከአልጄሪያ በስተ ሰሜን ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን መዝገቦች ወዲያው በካርታ ላይ አስቀምጦ ማየት ይህን በአንድ አፍታ ያጋልጠዋል።

ስሞችን በነፃ ከማስጻፍ ይልቅ ከዝርዝር እንዲመረጡ ያድርጉ። «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ» እና «አዋሳ» ለአንባቢ አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ሥፍራዎች ናቸው። ዓሣውም በአስጋሪዎቹ ስም ቆሮሶና አምባዛ ተብሎ በስልኩ ላይ ይታይ፤ የሚቀመጠው ግን ሳይንሳዊ ስሙ ይሁን፤ ሦስተኛዋ ባልደረባ ቆሮሶን በምንም መዝገብ ውስጥ አታገኘውም። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መልስ ካለ ፋይሉ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሥርዓት በሚይዘው በዩኒኮድ፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አቀማመጥ መቀመጡን ያረጋግጡ፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የተተየበ የቆየ ሰነድ ከሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ድርድር ይሆናል።

ስለ ኤክሴልም አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። ኤክሴል ቀን የሚመስለውን ጽሑፍ ሳይጠይቅ ወደ ቀን ይለውጣል። ችግሩ የተስፋፋ ከመሆኑ የተነሣ በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሰውን የዘር ቅንጣቶች ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ፣ የወር ስም የሚመስሉ የጂን ስሞችን መለወጥ እንደ ግድ ሆኖበታል። የናሙና መለያ ሲያወጡ «MAR-1» ወይም «5-3» ከመሰሉ አጻጻፎች ይራቁ፤ ዓምዱንም አስቀድመው «ጽሑፍ» ወደሚለው ዓይነት ይቀይሩት።

ደረጃ 5፦ መነጋገርና ውሳኔን መመዝገብ

ለዕለት ተዕለት ንግግር ቴሌግራም ይበቃል፤ ሁሉም አለው፤ ደካማ ኔትወርክም ይችላል። ይሁንና በቴሌግራም የተባለ ነገር ከሳምንት በኋላ በመልእክት ብዛት መካከል ፈልጎ ለማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ማንኛውም ውሳኔ በዕለቱ ወደ ጥናቱ ማስቀመጫ፣ «ውሳኔዎች» ወደሚል አንድ ሰነድ፣ ከነቀኑና ከነምክንያቱ ይዛወር። በማይክሮስኮፕ የተነሣ ምስል ሲልኩ ደግሞ «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላኩት ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል፤ ምስሉ ውስጥ የተቀመጠው የቀንና የካሜራ መረጃም ይጠፋል።

ለስብሰባ በዙም ነፃ አገልግሎት ከ40 ደቂቃ በላይ መቆየት አይቻልም፤ ለሦስት ሰው ግን ይህ ገደብ ጸጋ ነው ብሎ መውሰድም ይቻላል። ጂትሲ ሚት የጊዜ ገደቡ የለበትም፤ ስብሰባውን የሚከፍተው ሰው ብቻ በአካውንቱ ይገባል። ኮኔክሽኑ ሲዳከም ቪዲዮውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መቀጠል፣ ሠንጠረዡንም ስክሪን በማጋራት ፈንታ አስቀድሞ ልኮ እያንዳንዱ በየራሱ ኮምፒውተር እንዲከፍተው ማድረግ ይሻላል። የስብሰባ ሰዓት ሲቀጥሩ በእኛ አቆጣጠር «4 ሰዓት» ብለው አይተዉት። ከኔዘርላንድስ ጋር ያለን ልዩነት በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ነው፤ የሚቀይሩትም በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮውን እንደገና ያረጋግጡ።

ደረጃ 6፦ ትንተናውን መጋራት

ባሕር ዳር ያለው ባልደረባ ትንተናውን አር ወይም ፓይተን በሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚሠራ ከሆነ ኮዱ የፋይልን ለውጥ በየደረጃው በሚመዘግበው በጊት ይያዝ። ጊትን ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሠራው ሲሆን፣ ለእኛ ሁኔታ የሚስማማው በአንድ ጠባዩ ነው፦ የሥራው ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ሰው ላፕቶፕ ላይ ስለሚቀመጥ ኢንተርኔት ሳይኖር ለውጡን መመዝገብ፣ ወደ ቀድሞው መመለስና ማነጻጸር ይቻላል፤ ኔትወርክ ሲመጣ የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ የጊት ሥራ በኢንተርኔት ወደሚቀመጥበት ወደ ጊትሃብ ይላካል። ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነን ፋይል አይቀበልም፤ ዳታው ግን ቀድሞውኑ በሌላ ማስቀመጫ ስላለ ይህ አያስጨንቅም። ኮድ የማይጽፍ ቡድን ይህን ደረጃ ሊያልፈው ይችላል።

ደረጃ 7፦ በጋራ መጻፍ

ሒሳባዊ ቀመር የሚበዛበት ጽሑፍ ካልሆነ በስተቀር ጎግል ዶክስ ይመረጣል፤ በክሮም ላይ ያለ ኢንተርኔት የመሥራቱን ምርጫ አስቀድመው ካበሩት መብራትና ዋይፋይ ሲጠፋ በላፕቶፑ ባትሪ መጻፍ ይቀጥላሉ፤ ኋላ በራሱ ይገጣጠማል። ኦቨርሊፍ የተባለው ድረ ገጽ ላቴክ በሚባለው፣ ቀመር ለሚበዛበት ጽሑፍ በሚያገለግለው የአጻጻፍ ሥርዓት ለመጻፍ ምቹ ቢሆንም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ በነፃው አገልግሎት የሚጋበዘው ሰው ቁጥርም ውሱን ነው። በየትኛውም ቢጽፉ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ባለቤት ይኑረው፤ ሌሎቹ በአስተያየት ያርሙ እንጂ በቀጥታ አይሰርዙ።

ማጣቀሻዎች ዞቴሮ በሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር የቡድን ቤተ መጻሕፍት ይሰብሰቡ። በነፃ የሚሰጠው የፋይል ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ እዚያ የመጽሐፍና የጽሑፍ ዝርዝሩን ብቻ ያኑሩ፤ ሙሉ ጽሑፎቹን በጥናቱ ማስቀመጫ ውስጥ ያድርጉ። የኢትዮጵያውያን ደራስያንን ስም ሲያስገቡ ዞቴሮ ስምን በአንድ ሳጥን የማስገባት ምርጫ እንዳለው ያስታውሱ። በክፍያ የተዘጋ ጽሑፍ ሲገጥምዎ ደግሞ ባልደረባዎን ከመለመንዎ በፊት ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለውን አገልግሎት በተቋምዎ ቤተ መጻሕፍት በኩል ይጠይቁ፤ ኢትዮጵያ በነፃ እንዲጠቀሙ ከተፈቀደላቸው አገሮች መደብ ውስጥ ናት።

ደረጃ 8፦ ማኖርና ማስረከብ

ጽሑፉ ሲጠናቀቅ የተስተካከለውን ዳታና ኮዱን ዜኖዶ ላይ ያኑሩ። ዜኖዶ በአውሮፓው የኒውክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን የሚተዳደር፣ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት በነፃ የሚቀበልና ዲኦአይ የሚባለውን ቋሚ መለያ የሚሰጥ ማኅደር ነው። ዳታው በራሱ እንዲጠቀስ የሰብሳቢዋ ስም በዳታው ደራሲነት መጀመሪያ ይስፈር፤ የዓሣ አስጋሪዎቹ ስም፣ ስልክና የቤታቸው አቅጣጫ ግን ከመጫኑ በፊት ይውጣ። በአንድ መንደር ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠሩት ሥራ ካለ ስም ቢወጣም ዕድሜ፣ ጾታና የጀልባ ብዛት ተደምረው ሰውየውን ሊያሳውቁ ስለሚችሉ እነዚያንም በጥቅል መደብ ይተኩ።

በመጨረሻም የማስቀመጫው ባለቤትነት ይታይ። የተማሪ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ ስለሚችል፣ በኦርኪድም ሆነ በማስቀመጫው ላይ ሁለተኛ የግል ኢሜይል ከወዲሁ ይመዝገብ፤ ከሦስቱ አባላት ቢያንስ ሁለቱ ሙሉ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይኑራቸው፤ ቡድኑን የለቀቀ ሰው የመግቢያ ፈቃድ በዕለቱ ይነሣ፤ የጥሬው ዳታ አንድ ቅጂ ደግሞ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ከላፕቶፑ በተለየ ክፍል ይቀመጥ።